ስለ ከበሮው የተጻፈ ደብዳቤ

በርገን ላይ ዝናቡ ክረምት በጋ አያውቅም፣
ደጀ ሰላም ቆሞ የሰው እግር አይደርቅም።
ከሐዲዱ ማዶ፣ ከኮረብታው ጥግ ላይ
አንድ ቤተ ክርስቲያን አለችን የኪራይ፤
ንጋቷ የኛ ነው፣ ከሰዓት የነሱ፣
እኛ ስንወጣ ነው እነሱ የሚደርሱ።
ቁልፉን አስረካቢ እኔ ነኝ በየሳምንቱ፣
ጉደታ ይቀበላል፣ ጊታሩ ባንገቱ።

እኔ ጫማ አውልቄ፣ ነጠላ አጣፍቼ፣
ሌሊቱን በማኅሌት፣ በዜማ አንግቼ፤
እሱ ከነቡትሱ፣ ከነጭቃው ገብቶ፣
ምንጣፉን ሲረግጠው ሽቦውን ዘርግቶ፣
"ቦታው እኮ ቅዱስ ነው!" እላለሁ ቆጣ ብዬ፣
"ቅዱስስ ልብ ነው" ይለኛል "ወንድምዬ።"

በሥራ ቀን ደግሞ አንድ ነው እንጀራችን፣
ዓሣ ፋብሪካ ነው፣ ጎን ለጎን ማሽናችን።
ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ሳልመን ስቆርጥ በጄ፣
ሽንብራ ነው ምሳዬ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሄጄ።
"ዓሣ ምን አደረገህ?" ይለኛል እየሳቀ፣
ጥቅስ በጥቅስ ላይ ጭኖ እያጠባበቀ።
"ሆድህ አምላክህ ነው" አልኩት እኔም አንድ ቀን፣
ሳምንት ሙሉ ዝም አልን፤ ምላሴ አሳቀቀን።
ብቻ በዐቢይ ጾም አንድ ነገር አየሁኝ፦
ምሳውን ከልሎ ይበላል፣ ሽታው እንዳይደርሰኝ።

በጥምቀት ማግስት ነው ደብዳቤው የመጣው፣
ኦድቫር፣ የቤቱ ገበዝ፣ ከኪሱ ያወጣው።
"ጎረቤት ከሷችኋል፤ ሌሊት ድም ድም ይላል፣
ቀን ደግሞ ድምፅ ማጉያው ግድግዳ ይነቀንቃል።
ከየትኛችሁ ነው? ስንት ዓይነት ናችሁ?
ለኔ አንድ ናችሁ፤ መልስ ጻፉ ሁለታችሁ።"

ቋንቋው ለኔ ዳገት፣ ለጉደታ ሜዳ፤
ከማሽኖቹ ጀርባ ተቀመጥን ባንድ ጓዳ።
"ከበሮው ምንድን ነው?" አለኝ ብዕር ይዞ፣
"ሳይገባኝ አልጽፍም" አለ ቆይቶ፣ ተክዞ።
ነገርኩት፤ "ሰፊው አፍ የመለኮት ምሳሌ ነው፣
ጠባቡ የትስብእት፤ ጨርቁ የዘበቱበት ግምጃ ነው፤
ጠፍሮቹ ደግሞ፣ ባካሉ የተጋደሙት፣
ሰንበሮቹ ናቸው፣ በጅራፍ ሲገርፉት።"

"ሰንበር" ላይ ሲደርስ ብዕሩ ቆመበት፣
ቃሉ በኖርዌይኛ ቶሎ አልመጣለት።
"እኔ" አለ፣ "ጩኸት ብቻ ነበር የመሰለኝ።"
ያለውም ይህን ነው። ይቅርታ አላለኝ።

ተራዬ ነበረ፤ ጠየቅሁት እያፈርኩ፦
"እናንተስ ለምን ነው እንዲያ የምትጮኹ?"
"ካምፕ ሳለሁ" አለ፣ "ስምንት ወር ሙሉ
አንድ ቃል አልወጣኝም፣ 'ዲዳ ነው' እስኪሉ።
ባሕር የበላቸው፣ ከኔ ጋር የነበሩ፣
አንደበቴን ይዘው ነው አብረው የተቀበሩ።
የመጀመሪያው ድምፄ እዚያ ነው የወጣ፣
ሰዎቹ ሲጮኹ፣ የኔም ተከትሎ መጣ።
ቀስ በል አትበለኝ፤ ቀስ ማለት አውቃለሁ፣
ዝም ማለትንም እስከ ጥጉ አይቻለሁ።"

ጻፍነው። አንድ ገጽ ነው፤ ፊርማው ግን ሁለት።
"ሌሊት እንዘጋለን የምድር ቤቱን መስኮት፣
ቀንም ድምፅ ማጉያውን ዝቅ እናደርጋለን" ብለን
በሱ እጅ ጽሕፈት ለኦድቫር ሰጠን።

ተስማምተን አይደለም። ስለ ምልጃ፣ ስለ ሥዕል
ዛሬም ማሽኑ ቆሞ የኛ ክርክር ይቀጥል።
እውነቱ እኔ ጋ ነው እላለሁ፣ አልለቅም፤
እሱም እንዲሁ ይላል፤ ግን አንዱ አንዱን አይንቅም።

ባለፈው እሑድ ግን ቀደም ብሎ መጣ፣
ገና ነበር ሰዓቱ፣ ቅዳሴው ሳይወጣ።
ቡትሱን ደጅ አኖረው ከኛ ጫማ ጋራ፣
በርጥብ ካልሲው ቆመ፣ ከምሰሶው በስተግራ።
መስቀል አልተሳለመም። ጸበል አልቀመሰ።
እኔም ና አላልኩትም። ሰዓቱ ደረሰ።

ቁልፉን ሰጥቼው ወጣሁ። ያ ጩኸት ከኋላዬ
ሲነሣ ሰማሁና፣ ተዘርግቶ ጃንጥላዬ፣
ልሄድ ያልኩት ሰው ቆምኩ ደጃፉ ላይ።
አልገባሁም። እጄም አልተነሣም ወደ ላይ።
የጉደታ ድምፅ ነው፣ ተሰብሮ ሲጸልይ፤
ሕዝቡ ሊዘጋለት አንዲቱን ቃል ሲለው፣
ከጃንጥላዬ ሥር አፌ አምልጦኝ "አሜን" አለው።

ባቡሩም አመለጠኝ።